የቻላው ሦስት ሺህ ልቦች

ላሚያት፣ ቻላውና እኔ የአንድ ሰፈር ልጆች ነን። በታይላንዷ ፔቻቡሪ ከተማ፣ ከወንዙ ዳር ወደ ገበያው በምትወጣ ጠባብ መንገድ ላይ ተወልደን እዚያው አርጅተናል። ላሚያት መምህርት ሆነች። ቻላው ከእናቷ የወረሰችውን ቢጫ የዘንባባ ኬክ በሙዝ ቅጠል እያደረገች በእንፋሎት ታበስላለች፣ ወንዙ ዳር ትሸጣለች። እኔ ቡንማ ደግሞ የመንገዷ አፍ ላይ ጠዋት ጠዋት የሩዝ ገንፎ እሸጣለሁ። የሚገባውም የሚወጣውም ሰው በድስቴ አጠገብ ስለሚያልፍ ወሬ አይቸግረኝም። ይህን ግን ከወሬ አላገኘሁትም፤ ግማሹን በዐይኔ አይቻለሁ፣ ግማሹን ላሚያት ራሷ ነግራኛለች።

ላሚያት ጡረታ የወጣችው ሠላሳ ስምንት ዓመት አስተምራ ነው። ባሏ ከሞተ ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ አንዲት ልጇ ሩቅ ከተማ አግብታ ትኖራለች። የእንጨት ቤቷ ፎቅ ላይ አሥራ አንድ ደብተር አላት። የትኛው ቤተ መቅደስ በማን ዘመን እንደተሠራ፣ ጣሪያው ስንት ጊዜ እንደታደሰ፣ ግድግዳውን ማን እንደሳለው በቀይና በሰማያዊ እስክሪብቶ ጽፋበታለች። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት እንግዳ ሲመጣ የምትጠራው እሷ ናት። በአንድ እጇ ጥላ ይዛ በሌላው እየጠቆመች ታስጎበኛቸዋለች። እንግዶቹ ከሁለተኛው ቤተ መቅደስ በኋላ ማዛጋት ይጀምራሉ። እሷ ግን አንድም ቀን ልብ ብላ አታውቅም።

ቻላው ትምህርቷን ያቆመችው አራተኛ ክፍል ላይ ነው። ስትስቅ ትከሻዋም ሆዷም አብሮ ይስቃል። የማታውቀውን ሰው ሁሉ «ልጄ፣ ምነው ከሳሽ?» ብላ ነው የምትቀበለው። ኬክ ሊገዛ የመጣ ሰው የአማቱን ጉድ ዘርግፎላት ይሄዳል።

የዛሬ ሁለት ዓመት ከባንኮክ አራት ወጣቶች መጡ። አለቃቸው ዋራን የሚባል መነጽር ያደረገ ቀጭን ልጅ ነበር። የሚሠሩት የስልክ ጌም ነው፤ ስሙም ታም ሮይ፣ ዱካ መከተል እንደማለት። ቤት ተኝተው የሚጫወቱት ነገር አይደለም። ተጫዋቹ በእግሩ ሄዶ ቦታው ድረስ ካልደረሰ ምንም አይከፈትለትም። ሲደርስ ስልኩ ይንቀጠቀጣል፣ ፊት ለፊቱ ያለው ግድግዳ ወይም ዛፍ ስልኩ ላይ ይታያል፣ ከዚያ ላይ አንዲት ትንሽ ዝሆን ብቅ ትላለች፣ የሰፈሩ ሰው ድምፅ ስለ ቦታው ያወራለታል። ቀጥሎ ሥራ ይታዘዛል፦ ይህን ቅጠል አሽት፣ ያቺን ሴትዮ ዓሣውን በምን እንደምታሸው ጠይቃት፣ ጫማህን አውልቀህ ግባና የምሰሶውን ቀለም ቁጠር። ከታዘዘ ዝሆኗ ታድግለታለች። ታሪኩን ከወደደው ደግሞ ልብ ይሰጣል፤ የልቡ ቁጥር ለሁሉም ሰው ይታያል።

ይህ የልብ ቁጥር ነው ጉዱን ያመጣው።

ልጆቹ ሰው አጠያይቀው በቀጥታ ወደ ላሚያት ሄዱ። አማካሪ አደረጓት። ወይን ጠጅ የሐር ሸሚዝ ገዛች፣ ጸጉሯን ተሠራች፣ አሥራ ሰባት ቦታ ላይ ቆማ ድምፅዋን አስቀዳች። እኔን «አንቺም ስለ ገንፎሽ ተናገሪ» ያለኝ የለም፤ አልዋሽም፣ ትንሽ ከፍቶኝ ነበር። በመጨረሻው ቀን ዋራን ወንዙ ዳር ያለውን የሲሚንቶ ደረጃ አየና «መምህርት፣ እዚህስ ምን አለ?» አላት።

«ምንም የለም፤ ደረጃ ነው» አለችው።

እሷ ለምሳ ወደ ቤቷ ስትሄድ ልጆቹ ከቻላው ኬክ ሊበሉ ተቀመጡ። ቻላውም እንደ ልማዷ ማውራት ጀመረች። ዋራን ኬኩን አስቀምጦ መቅጃውን አወጣ።

ጌሙ በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት ጠዋት ላሚያት ገንፎዋን ልትበላ መጣች። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ በጣቷ ትነካካለች።

«ቡንማ፣ ነይ እይልኝ፤ ይሄ ቁጥር የተሳሳተ ይመስለኛል» አለችኝ።

እጄን ጠርጌ ሄድኩ። የትልቁ ቤተ መቅደስ፣ የላሚያት ድምፅ፣ አርባ አንድ ልብ። የድሮው ገበያ፣ የላሚያት ድምፅ፣ ሃያ ስድስት። የወንዝ ዳር ደረጃ፣ የቻላው ድምፅ፣ ዘጠኝ መቶ አራት።

«ዘጠና ሊሉ ፈልገው ይሆናል» አልኳት።

«ዘጠናስ ቢሆን! ለሲሚንቶ ደረጃ?» አለች። ያን ቀን እንቁላሏን ሳትነካው ሄደች።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ገንፎው ሳይቀርብ በፊት ስልኩ ይቀርባል። የራሷ አርባ አንድ አርባ አራት ሲሆን የቻላው ከዘጠኝ መቶ ወደ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ይዘላል። ፊቷን እያየሁ ቁጥሩን መገመት ለመድኩ። ወጣቶቹ በሞተር ሳይክልና በባቡር ይመጣሉ፣ በላሚያት ቤተ መቅደሶች አጠገብ አንገታቸውን ስልካቸው ላይ ደፍተው ያልፋሉ፣ ከዚያ ቀጥ ብለው ወደ ወንዙ። ነጭ የለበሱ የነርስ ተማሪዎች ሳይቀሩ ደረጃው ላይ ተኮልኩለው እግራቸውን ውሃ ውስጥ ከተው ሲስቁ እስከ እኔ ድረስ ይሰማል።

«ምን ነግራቸው ነው እንደዚህ የሚያስካካቸው?» ትለኛለች ላሚያት።

«ሄደሽ ስሚያ! ስልክ አለሽ፣ እግር አለሽ።»

«እኔ? የአራተኛ ክፍል ታሪክ ልሰማ?»

ግን ሄደች። ከቀትር በኋላ፣ ቻላው ወደ ቤቷ ገብታ የዘንባባ ፍሬ የምትልጥበትን ሰዓት ጠብቃ፣ ሰፊ ባርኔጣ አድርጋ አፏን በጭንብል ሸፍና ሄደች። እንደ ሌባ እንደነበረች ራሷ ናት የነገረችኝ። ስልኩ ተንቀጠቀጠ፣ ዝሆኗ ብቅ አለች፣ የቻላው ድምፅ እንዲህ ሲል ጀመረ፦

«ልጆቼ፣ ቁጭ በሉ፤ ደረጃው ንጹሕ ነው፣ ጠዋት ጠርጌዋለሁ። እዚህ ታችኛው ደረጃ ላይ፣ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ሳለ፣ ሳንጊያም የምትባል ሴት የሰው ልብስ ታጥብ ነበር። እጇ ከውሃ ስለማይወጣ እንደ ተቀቀለ ኦቾሎኒ የተጨማደደ ነው። ፊደል አታውቅም። ልጇን ግን እዚያ ላይኛው ደረጃ ላይ ታስቀምጣትና ‹ጮክ በይ! አልሰማሽም! የምታነቢው ለዓሣዎቹ ነው ወይስ ለኔ?› ትላታለች። ልጅቷ ታነባለች፣ እናቲቱ ልብሱን ትደበድባለች፣ እኔ ኬኬን ይዤ መሃላቸው እቀመጣለሁ። እኔ ትምህርት ቤት የሄድኩት አራት ዓመት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ የተማርኩት እዚህ ነው፤ ያቺ ልጅ ያነበበችውን በጆሮዬ እየለቀምኩ። እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፦

ደመናው ወረደ፣ ጀልባዬ ታሰረች፣
እንቁራሪት እንኳ ቤቷ ገብታ አደረች።

አያችሁ! በሉ እናንተም እግራችሁን ውሃው ውስጥ ክተቱና አንድ ነገር ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ምንም ይሁን፤ የሻምፑ ዕቃ ላይ የተጻፈውም ይሆናል። ሳንጊያም ትሰማችሁ ይሆናል።»

ከዚያ ያ ሳቋ መጣ።

ላሚያት ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ሳንጊያም እናቷ ናት። ያቺ ልጅ ደግሞ ራሷ ናት።

ሰፈሩ ይህን ያውቃል። ከሰፈሩ ውጭ ግን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ላሚያት መምህራን ኮሌጅ ስትገባ ለጓደኞቿ «እናቴ የጨርቅ ነጋዴ ናት» ብላ ነው የነገረቻቸው። ጨርቁስ እውነት ነበር። ባሏ የመሬት መዝገብ ጸሐፊ ነበር፤ ለእሱ ቤተሰብም ያንኑ ነገረቻቸው። እነዚያ አሥራ አንድ ደብተሮች ውስጥ የከተማው ታሪክ ሁሉ አለ፤ የሳንጊያም ስም ግን አንድም ቦታ የለም።

እኔ መጀመሪያ ያፈረች መስሎኝ ነበር። በማግስቱ እያንገበገባት የነገረችኝን ስሰማ ግን ሌላ ነገር ነው።

«እናቴን ወስዳ ልብ ለቀመችባት!» አለችኝ። «የኔ እናት! የኔ ንባብ! ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ያነበብኩት እኔ፣ ልቡ ለሷ! እሷ ምን አደረገች? ኬክ ይዛ ቁጭ አለች።»

«አንቺ መቼ ነገርሽና ነው?» አልኳት።

«የኔ ነገር አይደል? ስፈልግ እነግራለሁ፣ ሳልፈልግ አልነግርም።»

«እሺ፣ አሁን ንገሪያቸዋ።»

«ከሷ ቀጥዬ? ሁለተኛ ሆኜ?»

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። የላሚያት ሕመም ግን ወርቁ የራሷ መሆኑ ነበር፤ ዕድሜዋን ሙሉ ቀብራው ኖራ፣ ሌላ ሰው አንስቶ አንገቱ ላይ ሲያደርገው ያማረበት መሆኑ። ቅናት በደረቁ ሲሆን ያልፋል። እንዲህ ያለ ቁራጭ እውነት ያለበት ቅናት ግን አይነቀልም።

የጌሙ ሰዎች በየሦስት ወሩ ለላሚያት ዝርዝር ይልኩላታል። አዲስ የተጨመሩትን ታሪኮች አንብባ «እውነት ነው»፣ «ስህተት ነው»፣ «መረጃ የለም» ከሚሉት አንዱን እንድትሞላ ነው፤ አማካሪነቷ ይኸው ነው። በዚያ ወር በመጣው ዝርዝር ውስጥ የወንዝ ዳር ደረጃም ነበረበት። ዋራን ደግሞ ደወለላት።

«መምህርት፣ ይህ የእትዬ ቻላው ታሪክ በጣም ተወዶልናል። ሦስት ሺህ ልብ አልፏል። ትልቅ ዘመቻ ልንሠራበት ስለሆነ እርግጠኛ እንሁን ብለን ነው። ልብስ አጣቢዋ እውነት ነበረች?»

ላሚያት ስልኩን ይዛ ተነሣች። ከመስኮቷ ወንዙ ይታያታል።

«በጽሑፍ የሰፈረ ነገር የለም» አለች።

«ማለት... አልነበረችም?»

«መረጃ የለም እያልኩህ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ባታስፋፉት ይሻላል። ሰው እየሳቀ የሚያወራው ሁሉ ታሪክ አይሆንም።»

«ገባኝ መምህርት። አመሰግናለሁ።»

ከአምስት ቀን በኋላ የደረጃው ዱካ ካርታው ላይ ግራጫ ሆነ። ቢነኩት አይከፈትም። ላሚያት በዚያን ጠዋት ስልኳን አየች፣ ገንፎዋን እስከ ታች ጨረሰችና ዝንጅብል አስጨመረች። ደስ ያላት መስሎኝ ነበር። ደግሞም ደስ ብሏት ነበር፤ ለሁለት ሳምንት ያህል። የእሷ አርባ አራት ግን ከአርባ አራት ንቅንቅ አላለም። ወጣቶቹ ወደ ወንዙ መምጣት ሲተዉ ወደ ቤተ መቅደሶቿም መምጣት ተዉ።

ቻላው ግራ ገባት። ስልክ የመንካት ነገር አትችልበትም፤ ልጆቹ ለምን እንደቀሩ የነገረቻት አንዲት የነርስ ተማሪ ናት። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ አሥር ኬክ በቅጠል ጠቅልላ ወደ ላሚያት ቤት ሄደች። ከልጅነታችን ጀምሮ የቻላውን ወረቀት ሁሉ የምትጽፍላት ላሚያት ናት፦ ለልጇ ትምህርት ቤት፣ ለማዘጋጃ ቤት፣ ለሞተው ባሏ መሥሪያ ቤት።

የቤቱ ደረጃ ሥር ጫማዋን አውልቃ ወጣች።

«ሚያት፣» አለቻት፤ ሚያት የልጅነት ስሟ ነው፣ «ደብዳቤ ጻፊልኝ።»

«ለማን?»

«ለእነዚያ ለዝሆኖቹ ልጆች። ውሸታም ነሽ አሉኝ እኮ! ሳንጊያም አልነበረችም ማለት ነው። ማን እንዲህ እንዳለ አይታወቅም፤ አንዱ የማያውቅ ነው መቼም። አንቺ ጻፊና ‹እናቴ ናት፣ እኔ ልጇ ነኝ› በያቸው። ካንቺ በላይ ማን ይመሰክራል?»

ላሚያት ወረቀት አወጣች። ምን ታድርግ? ቻላው ፊት ለፊቷ ተቀምጣ ቅጠሉን ትፈታለች።

«እኔ እኮ ስምሽን ያልጠራሁት አስቤ ነው» አለች ቻላው። «ላንቺ ተውኩልሽ። አንድ ቀን ‹ያቺ ልጅ እኔ ነኝ› ትያቸዋለሽ ብዬ። ትልቅ ሰው ነሽ፣ አንቺ ስትይው ያምራል።»

«ለምን መጀመሪያ አልጠየቅሽኝም?»

«ምኑን? እናትሽን ለማንሳት? እሷ እኮ ከኔም ኬክ ስትገዛ ነው የኖረችው። በጠዋት የመጀመሪያዋ ደንበኛዬ እሷ ነበረች፤ እጇ የቀና ነው፣ እሷ ከገዛችኝ ቀን ሙሉ ይሸጥልኛል።»

ይህን ላሚያት አታውቅም ነበር። እናቷ ከምታገኛት ጥቂት ገንዘብ ላይ በየጠዋቱ ኬክ ትገዛ እንደነበር ከቻላው አፍ ሰማች። እዚህም ላይ ቀናች። «እናቴን እንኳ ከኔ የበለጠ ታውቃታለች» አለችኝ።

ደብዳቤውን ጻፈች። ጮክ ብላ አነበበችላት። ቻላው ዐይኗን ጨፍና ሰማችና «እንደ ድሮው ነው የምታነቢው» ብላ ሄደች። ላሚያት ደብዳቤውን አሥራ አንደኛው ደብተር ውስጥ ከተተችው።

«ምን አሉ?» ትላለች ቻላው በየሳምንቱ።

«አልመለሱም።»

«ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል፤ እነሱም ልጆች ናቸው።»

ሁለት ወር እንዲህ ሄደ። ከሶንግክራን፣ ውሃ ከምንራጭበት የአዲስ ዓመት በዓላችን፣ በፊት በነበረው ሳምንት ዋራን አዳዲስ ቦታዎች ሊያይ መጣና እኔ ዘንድ ቁርስ ሊበላ ተቀመጠ። ቻላውም ገንፎዋን ልትወስድ ዕቃዋን ይዛ ቆማለች። አወቀችው፤ ፊቷ በራ።

«ልጄ! ምነው ከሳህ? ደብዳቤያችን አልደረሳችሁም እንዴ?»

ዋራን ማንኪያውን አስቀምጦ እጆቹን አጋጥሞ እጅ ነሳት። «የምን ደብዳቤ፣ እትዬ?»

«መምህርት የጻፈችው ነዋ! ስለ እናቷ።»

«ስለ መምህርት እናት? አልገባኝም። እኛ የእርስዎን ታሪክ ከካርታው ያወረድነው መምህርት ራሳቸው መረጃ የለም ስላሉን ነው። የማን እናት ናት?»

ድስቴ ይንተከተካል፣ ማንም አላማሰለውም። ቻላው አልጮኸችም። እኔን አየችኝ፤ እኔም ወደ ድስቱ አየሁ። ዕቃዋን ባዶውን ጠረጴዛው ላይ ትታ ሄደች።

ወደ ላሚያት ቤት ወጣች። አልተቀመጠችም።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ» አለቻት። «እናትሽ አልነበረችም?»

ላሚያት ልብስ እያጣጠፈች ነበር።

«ሦስት ሺህ ልብ ሰጡሽ» አለች። «ለኔ አርባ አራት።»

«ልብ?» አለች ቻላው። «ያቺ ስልክ ላይ ያለችው ቀይ ነገር? ሳንጊያምን የሸጥሻት በሷ ነው?» ወረደች። ጫማዋን እንኳ በደንብ ሳታጠልቅ ነው የሄደችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቻላው ላሚያትን አላናገረቻትም። በመንገድ ሲገናኙ በግድግዳው ጥግ ታልፋለች። ሰፈሩም ሰማ። ገንፎ ቤቴ ውስጥ ላሚያት ስትገባ ወሬ ይቋረጣል። ዓሣ ሻጩ አንድ ጠዋት «መምህርት፣ ዛሬ ገንፎ ለመብላትዎ መረጃ አለ ወይ?» ብሎ ሲቀልድ ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ ሦስት ቀን አልመጣችም። እኔም ሳቄ አምልጦኝ ስለነበር በአራተኛው ቀን ገንፎ በዕቃ አድርጌ ቤቷ ድረስ ሄድኩ። «አንቺም ሳቅሽ አይደል?» አለችኝ። «ሳቅሁ» አልኳት። ዕቃውን ተቀበለችኝ።

በሶንግክራን ሰው ሁሉ ወደ ቤተ መቅደስ ሄዶ ለሙታኑ ያስጸልያል። የሙታኑን ስም በወረቀት ላይ ይጽፋል፣ መነኮሳቱ ይጸልዩለታል፣ ከዚያ ወረቀቱ ይቃጠላል። ላሚያትም በየዓመቱ የምታደርገው ነው። ዘንድሮ ግን «ሳንጊያም» ብላ ጽፋ እስክሪብቶውን ልታነሳ ስትል እጇ አልነሳ አለ። ከስሙ ቀጥላ «ልብስ አጣቢ» ብላ ጨመረች። የሟቹን ሥራ የሚጽፍ ሰው የለም፤ ወረቀት የሚሰበስበው ሽማግሌ መነኩሴ ግን አይቶ ተቀበላት። ወረቀቱን ከሌሎቹ ጋር እሳት ውስጥ ከተተው። ላሚያት አጠገቡ ቆማ ሲነድ አየችው።

«በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራዋን ጻፍኩት፣» አለችኝ፣ «እሱም አመድ ሆነ።»

ልጆች በየመንገዱ ውሃ እየተራጩ፣ የሐር ሸሚዟ ጀርባዋ ላይ ተጣብቆ፣ ዋራንን ደውላ ጠራችው። ወር ሳይሞላ መጣ። ቀኑ የሚያቃጥል ነበር። ላሚያት ጥላዋን አልያዘችም፣ ደብተርም አልያዘችም። ደረጃውን ወርዳ ታችኛው ላይ ቆመች። ቻላው ከሃያ እርምጃ ርቀት ላይ፣ ኬክ መሸጫዋ ጋ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ታበስላለች። ድስቴን ለልጄ ሰጥቼ እኔም ሄጄ ቆምኩ።

«ሳንጊያም እናቴ ናት» አለች ላሚያት። ድምፅዋ የክፍል ድምፅ ነው፤ ደረቅ። «ልብስ አጣቢ ነበረች። የወርቅ ነጋዴዎቹን ልብስ፣ የሐኪሙን ልብስ፣ የትምህርት ቤታችንን ዳይሬክተር ልብስ ታጥብ ነበር። እኔ ዳይሬክተሩ ፊት ስቆም የሸሚዙን ሳሙና ሽታ አውቀው ስለነበር ቀና ብዬ አላየውም። ስለ እሷ የተጻፈ መረጃ የለም። መጻፍ የምትችለው ልጇ ነበረች፤ እሷም አልጻፈችም። እዚህ በቆርቆሮ ሳፋ...»

«ቆርቆሮ አይደለም!»

ቻላው ናት። ጀርባዋን እንደሰጠች።

«የእንጨት ገንዳ ነበር» አለች። «አንዱ ጎኑ የተሰነጠቀ። አባቴ ነው በሬንጅ የደፈነላት።»

ዋራን መቅጃውን አላጠፋም።

«የእንጨት ገንዳ ነበር» አለች ላሚያት፤ ቀጠለች።

ሁለቱም ታሪኮች ተከፈቱ፤ የቻላውም የላሚያትም፣ አንዱ ደረጃ ላይ ጎን ለጎን። የላሚያት ስድስት መቶ ሰባ ልብ ደርሷል፤ ከአሥራ ሰባቱ ቦታዎቿ ድምር በላይ ነው። የቻላው አምስት ሺህ አልፏል። ላሚያት አሁንም በየጠዋቱ ታያለች። «የሷ በቀደም ከቆመበት ዛሬ ሠላሳ ጨመረ» ትለኛለች፣ ከንፈሯን እየነከሰች። መስማት ሰልችቶኝ «ስልኩን ወንዝ ውስጥ እጥለዋለሁ» አልኳት። አኮረፈችኝ።

ቻላው ላሚያትን ማናገር ጀምራለች። ላሚያት ኬክ ልትገዛ ስትሄድ ትሸጥላታለች፣ ዋጋም አትቀንስላትም። ግን ሚያት አትላትም። «መምህርት» ነው የምትላት፣ እንደ ሌላው ሰው። ላሚያት ይህን ስትነግረኝ ዐይኗ ዕንባ አቀረረ። እኔ ምን ልበላት? ቻላውን ጠይቄያት ነበር። «አፌ እምቢ አለኝ» አለችኝ። «ልበላት ስል መምህርት ይመጣብኛል።»

ላሚያት የአማካሪነቱን ሥራ ትታዋለች። አሁን ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ ወንዙን ተሻግራ ያረጁ ሰዎች ዘንድ ትሄዳለች። አሥራ ሁለተኛ ደብተር ገዝታለች፤ አትጠቁምም፣ ትጠይቃለች። ሲያወሩ ትጽፋለች፣ ደህና የሚያወሩትን ሰዎች ስም ለዋራን ትሰጣለች። ባለፈው ሳምንት ጨው ከሚመረትባቸው ማሳዎች የመጡ የሰማንያ ሦስት ዓመት አሮጊት አግኝታለች፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨው የተሸከሙ ናቸው። ሦስት ሰዓት አወሩላት፣ አስቀው ገደሏት፣ ከዚያ ደግሞ አስለቀሷት።

ትናንት ጠዋት ደብተሩን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግታ የሴትየዋን ታሪክ አነበበችልኝ። እኔም ማማሰሌን ይዤ ሰማሁ።

«ይቺ ሴትዮ ቢያንስ ስምንት ሺህ ልብ ታገኛለች» አለች፣ ደብተሩን ዘግታ። «ታናድዳለች። እንቁላል ጨምሪልኝ።»